የቤት ኮምፒውተርን ማፍጠንና ማሻሻል በምዕራብ ጎጃም

ኦቨርክሎኪንግ የኮምፒውተር ፕሮሰሰር፣ የግራፊክስ ካርድ ወይም ራም አምራቹ ከወሰነለት ፍጥነት በላይ እንዲሠራ ማድረግ ነው። አፕግሬድ ደግሞ የደከመውን ክፍል አውጥቶ በተሻለ መተካት ወይም በጎደለው ላይ መጨመር ነው። ሁለቱም ሰዎች ሳይከፈላቸው፣ ለደስታና ለዕውቀት ሲሉ የሚያዘወትሯቸው የትርፍ ጊዜ ሥራዎች ሆነዋል። በዓለም ዙሪያ ባሉ የኮምፒውተር ወዳጆች ዘንድ የክብሩን ቦታ የያዘው ኦቨርክሎኪንግ ነው፤ አፕግሬድ ገንዘብ ያለው ሁሉ የሚያደርገው ተራ ነገር ተደርጎ ይታያል። ከፍኖተ ሰላም በማንኩሳ አድርጎ እስከ ቡሬ በሚዘልቀው አገር ግን ይህ የክብር ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት። ለዚህ የሚያበቃው የኪስ መሳሳት ብቻ አይደለም፤ የአየሩ ክብደት፣ የመብራቱ ጠባይና ወደዚያ የሚደርሱት ማሽኖች አሠራር ጭምር ነው።

የኦቨርክሎኪንግ ታሪክ የሚጀምረው ከመሸጫ ብረትና ከትንሽ ክሪስታል ነው። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1984 ፒሲ ኤቲ የተባለውን ኮምፒውተር በ6 ሜጋኸርዝ ለገበያ ሲያቀርብ፣ ባለቤቶቹ ብዙ ሳይቆዩ ምት የሚሰጠውን ክሪስታል ነቅለው ፈጣን ክሪስታል በመትከል ወደ 8 ሜጋኸርዝና ከዚያም በላይ ወሰዱት። ኩባንያው አልወደደውም፤ በኋላ ባወጣው ባዮስ በተባለው የማስነሻ ፕሮግራም ውስጥ ይህን የሚያግድ መቆጣጠሪያ አስገባበት። ዝንባሌው ስም ያተረፈው ግን እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው የኢንቴል ሴሌሮን 300ኤ ነው። የማዘርቦርዱን ምት ከ66 ወደ 100 ሜጋኸርዝ ማሳደግ ብቻ 300 ሜጋኸርዝ የነበረውን ርካሽ ቺፕ 450 ያደርሰውና ከውዱ ፔንቲየም 2 ጎን ያሰልፈው ነበር። ያ ዘመን አልፏል። አምራቾቹ ያን ጊዜ በነጻ ይተዉት የነበረውን ትርፍ ዛሬ ራሳቸው ይሸጡታል፤ ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2008 ካመጣው ተርቦ ቡስት ወዲህ ፕሮሰሰሩ ሙቀቱንና ጭነቱን እያየ ራሱን በራሱ ያፈጥናል። እ.ኤ.አ. በ2023 አንድ የኢንቴል ፕሮሰሰር ፈሳሽ ሂሊየም እየተርከፈከፈበት ከ9 ጊጋኸርዝ በላይ መሄዱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ያ ለጥቂት ጊዜ የሚቆይ ትርኢት ነው እንጂ በእንዲህ ያለ ማሽን ሥራ የሚሠራ የለም።

የክርክሩ ምሰሶ አንዲት ስሌት ናት። ፕሮሰሰር ሲሠራ የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ፣ ከቮልቴጁ ጋር ደግሞ በካሬ ያድጋል። ፍጥነቱ በ10 በመቶ ጨምሮ፣ ያንን እንዲሸከም ቮልቴጁም በ10 በመቶ ከፍ ቢል፣ የኃይሉ ጭማሪ 33 በመቶ ይሆናል። ፍጥነቱን በ25፣ ቮልቴጁን በ15 በመቶ ያሳደገ ሰው 77 ዋት የነበረውን ፍጆታ ወደ 127 ዋት ያደርሰዋል። የተጨመረው ዋት ሁሉ ሙቀት ነው፤ በቤት ኮምፒውተር ውስጥ ሙቀቱን ጠርጎ የሚያወጣው ደግሞ በመጨረሻ አየር ነው። ወደ ታች ስንሄድ ስሌቱ በተመሳሳይ ለጋስ ይሆናል፦ ፍጥነቱ ሳይነካ ቮልቴጁ ብቻ በ10 በመቶ ቢቀንስ ፍጆታው በ19 በመቶ ይወርዳል። ወደ ላይ ሲወጡ ቅጣቱ፣ ወደ ታች ሲወርዱ ሽልማቱ ከተጠበቀው በላይ ነው።

አሁን ወደ አየሩ እንምጣ። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ፣ ቡሬ ደግሞ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ፤ ማንኩሳ በዋናው መንገድ ላይ በሁለቱ መካከል ናት። በዚህ ከፍታ የአየር ጥግግት በባሕር ዳርቻ ካለው 82 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ፋን በደቂቃ የሚገፋው የአየር ይዘት አይቀንስም፤ የሚቀንሰው በዚያ ይዘት ውስጥ ያለው ክብደት ነው፤ ሙቀት ተሸክሞ የሚወጣውም ክብደቱ ነው። ስለዚህ በቆላማ የወደብ ከተማ የተፈተነ ማቀዝቀዣ ቡሬ ላይ ሲገጠም ፋኑም ያው፣ ድምፁም ያው ሆኖ ሥራው ያንሳል። የመረጃ ማዕከል መሐንዲሶች ይህን ከቁጥር አስገብተውታል፤ አሽሬ የተባለው የአሜሪካ የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር ለተለመዱት የሰርቨር ምድቦች ባወጣው መመሪያ ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ የተፈቀደው ከፍተኛ የክፍል ሙቀት በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲቀነስ ያዛል። ለቡሬ ይህ ወደ 4 ዲግሪ ይመጣል። ኦቨርክሎክ አድራጊ በብዙ ድካም የሚያተርፈው የሙቀት ልዩነት ብዙ ጊዜ ከዚህ አይበልጥም።

ከፍታው ሌላም መዘዝ አለው። ከቻይና በሚመጡ ብዙ ቻርጀሮችና ፓወር ሳፕላዮች ላይ በሦስት ማዕዘን ውስጥ ያለ የተራራ ምስልና 2000 ሜትር የሚል ጽሑፍ ይታያል። ትርጉሙ ዕቃው ደኅንነቱ የተረጋገጠው ከ2,000 ሜትር በታች ለሚውል አገልግሎት ብቻ ነው ማለት ነው፤ ስስ አየር ኤሌክትሪክን ለይቶ የመያዝ ዐቅሙ ዝቅ ስለሚል፣ ከዚያ በላይ በመስመሮቹ መካከል ሰፋ ያለ ርቀት ያስፈልጋል። ይህ መስመር ፍኖተ ሰላምን ከታች፣ ቡሬን ከላይ አድርጎ በምዕራብ ጎጃም መካከል ያልፋል። ቡሬ ላይ የተሰካ ቻርጀር ሁሉ ይፈነዳል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን አምራቹ ለክፉ ቀን ያስቀመጠው ትርፍ ሳስቷል፤ በሳሳው ላይ ደግሞ ተጨማሪ ጭነት መጫን ብልህነት አይደለም። (ከፍታን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚፈራው ለሀርድ ዲስክ ነው። የዲስኩ ማንበቢያ የሚንሳፈፈው በአየር ላይ ስለሆነ ፍርሃቱ መሠረት አለው፤ አምራቾች የሚያስቀምጡት ወሰን ግን 3,000 ሜትር ገደማ ስለሆነ ማንኩሳም ቡሬም አይነካቸውም፤ ጮቄ ተራራ ላይ ለሚሠራ ግን ይነካዋል።)

እዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ ይነሣል፦ ከፍታው አየሩን ቢያሳሳም ያቀዘቅዘዋል፤ ወይና ደጋ ላይ ያለ ሰው የጅቡቲን ሙቀት አያውቀውምና ኦቨርክሎኪንግ ለእርሱ ይቀልለዋል የሚል ነው። ተቃውሞው ግማሽ እውነት አለው። በእያንዳንዱ ሺህ ሜትር አየሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀዘቅዛል፤ ይህ ከባሕር ዳርቻ ጋር ሲነጻጸር የስስ አየሩን ጉዳት ከመሸፈን አልፎ ሊተርፍ ይችላል። ችግሩ ማነጻጸሪያው ላይ ነው። የፋብሪካ ፍተሻዎችም ሆኑ ዓለም አቀፎቹ ኦቨርክሎክ አድራጊዎች የሚያወጧቸው ቁጥሮች በአብዛኛው የሚመዘገቡት የክፍል ሙቀት ከ20 እስከ 25 ዲግሪ በሆነበት ቤት ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ቀትር ላይ፣ ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ጣራ ሥር ያለ ክፍል ከዚህ ይበልጥ ይሞቃል። ቅዝቃዜው የሌሊትና የክረምት ነው፤ ኮፒ ቤት፣ ፎቶ ቤትና ፕሌይስቴሽን ቤት የሚሠሩት ግን በቀን ነው። በጋው አቧራ፣ ክረምቱ እርጥበት ያመጣል፤ በማቀዝቀዣው ክንፎች መካከል የተጋገረ አቧራ እርጥበት ሲያገኝ ፋኑን ማነቁ ሳያንሰው ሰርኪቱንም ያበላሻል። አየሩ ለኦቨርክሎኪንግ እጅግ የሚመቸው በሐምሌና በነሐሴ ምሽት መሆኑ እውነት ነው፤ መብረቅ የሚበዛውም ያን ጊዜ ነው።

መብራት ራሱን የቻለ ምክንያት ነው። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ኃይል ሞልቶናል፣ ለጥቂት ዋት መጨነቅ ምን ያደርጋል የሚል ይኖራል። የግድቡ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ነው፤ የቤት ኮምፒውተር የሚያገኘው ግን በአቅራቢያው ትራንስፎርመር፣ በእንጨት ምሰሶና በረጅም ሽቦ አልፎ የመጣውን ነው። የኮምፒውተር ጠላት የመብራት ዋጋ አይደለም፤ ድንገት መሄዱ፣ ከዚያም የባሰ ሲመለስ ከፍና ዝቅ ማለቱ ነው። ስታቢላይዘርና ዩፒኤስ የሚገዙት ለዚህ ነው። የተለመደው ትንሽ ዩፒኤስ የሚይዘው ባለ 12 ቮልት 7 አምፒር-ሰዓት ባትሪ በወረቀት ላይ 84 ዋት-ሰዓት ነው፤ በከባድ ጭነት ሥር ከዚያ በጣም ያነሰ ይሰጣል፤ ካረጀ ደግሞ ሥራን ሴቭ ለማድረግ እንኳ ላይበቃ ይችላል። ኦቨርክሎክ የተደረገ ማሽን ይህችን አጭር ጊዜ ይበልጥ ያሳጥራታል፤ ቮልቴጁ የተቀነሰ ማሽን ያስረዝማታል። ይህ ብቻውን ነገሩን ለመወሰን ይበቃኛል።

ቀጥሎ ያለው ጉዳይ ራሱ ማሽኑ ነው። በኢትዮጵያ የክፍለ ሀገር ከተሞች በብዛት የሚታዩት ዴስክቶፖች በውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች አገልግለው፣ ብዙዎቹም በዱባይ በኩል ዞረው የመጡ ዩዝድ ማሽኖች ናቸው፦ ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክ፣ ሌኖቮ ቲንክሴንተር። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣውን ኦፕቲፕሌክስ 7010 እንውሰድ። በውስጡ የሚገኘው የተለመደ ፕሮሰሰር ኮር አይ5-3470 ነው፤ የፍጥነት ማባዣው ተቆልፏል፤ የመሥሪያ ቤት ማዘርቦርዱም ቢሆን የኦቨርክሎክ ምርጫ የለውም። በቀጭኑ ሞዴል ውስጥ ያለው ፓወር ሳፕላይ 240 ዋት ብቻ ነው። በሌሎች ሞዴሎች የፓወር ሳፕላዩ መሰኪያ ከተለመደው የተለየ በመሆኑ ገበያ ላይ ባለው መተካት አስማሚ ገመድ ይፈልጋል። ከኢንቴል በኩል ኦቨርክሎኪንግ የሚፈቅዱት በአብዛኛው በስማቸው መጨረሻ «ኬ» ያለባቸው ፕሮሰሰሮችና ለዚያ የተሠሩ ማዘርቦርዶች ሲሆኑ፣ እነዚህ የመሥሪያ ቤት ዕቃ አይደሉምና ከዩዝዱ ጋር ተጭነው አይመጡም። ስለዚህ ለብዙው ሰው በሩ ገና ሳይነካ የተዘጋ ነው። ይህን እንደ ጉድለት የሚያዝኑበት አሉ፤ በእኔ ፍርድ ግን የሚታዘንበት አይደለም፤ የእነዚህ ማሽኖች ድካም ከመጀመሪያውም ፕሮሰሰሩ ላይ አልነበረምና።

ፈጣን በሬና ዘገምተኛ በሬ በአንድ ቀንበር ቢጠመዱ ማረሻው የሚሄደው በዘገምተኛው ልክ ነው። በአሮጌ ዴስክቶፕ ውስጥ ዘገምተኛው ሀርድ ዲስኩ ነው። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚዞር ዲስክ አንድ ዙር ለመጨረስ ከ8 ሚሊሰከንድ በላይ ይፈጅበታል፤ የሚፈለገው መረጃ ከማንበቢያው ሥር እስኪደርስ በአማካይ የዙሩን ግማሽ፣ 4.17 ሚሊሰከንድ ይጠብቃል፤ ማንበቢያው ወደ ትክክለኛው መስመር እስኪሄድ ደግሞ ሌላ 8 ወይም 9 ሚሊሰከንድ ይጨመራል። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ ነገር የለውምና በ0.1 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይመልሳል። ለመነሣት 60 ሰከንድ የሚፈጅ ኮምፒውተር ቢኖርና ከዚያ 45ቱ ዲስኩን የሚጠብቅበት ቢሆን፣ ፕሮሰሰሩን በ20 በመቶ ማፍጠን ጊዜውን ወደ 57.5 ሰከንድ ያወርደዋል፤ የዲስኩን ጥበቃ ወደ 5 ሰከንድ ማውረድ ግን 20 ሰከንድ ያደርሰዋል። ኤስኤስዲ ከዚህም በላይ ፍጆታው አነስተኛ ነው፤ ስለማይሽከረከርም መብራት ሲሄድ ማንበቢያው ዲስኩን የሚቧጭርበት አጋጣሚ የለም። ራምም እንዲሁ ነው፦ አንድ ባለ 4 ጊጋባይት ዱላ ብቻ በተሰካበት ማሽን ላይ አምሳያውን በትክክለኛው ቀዳዳ መጨመር መጠኑን ከማጠፍ አልፎ፣ ለዲዲአር3-1600 በንድፈ ሐሳብ 12.8 ጊጋባይት በሰከንድ የነበረውን የመረጃ ፍሰት ወደ 25.6 ያሳድገዋል። የትኛውም ኦቨርክሎክ ራምን ይህን ያህል አያፈጥንም።

ለኦቨርክሎኪንግ የሚቆመው ጠንካራ ምስክር የቪዲዮ ሥራ ነው። የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ሰው ሬንደር ሲያደርግ ፕሮሰሰሩ ለሰዓታት በሙሉ ዐቅሙ ይሠራል፤ ዲስኩ አይጠበቅም፤ የ25 በመቶ ፍጥነት 4 ሰዓት ይፈጅ የነበረውን ወደ 3 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ያመጣዋል። ይህ ትርፍ እውነተኛ ነው፤ የሚካድ አይደለም። ግን ያንኑ ትርፍ ያለ ቮልቴጅ ጭማሪ ማግኘት ይቻላል። በዚያው በኤልጂኤ 1155 ሶኬት ላይ አይ5-3470ን አውጥቶ አይ7-3770ን መትከል በአንድ ጊዜ የሚሠሩትን የሥራ መስመሮች ከ4 ወደ 8 ያሳድጋል፤ ሁለቱም የ77 ዋት ፕሮሰሰሮች ስለሆኑ ነባሩ ማቀዝቀዣ ይበቃል። ከኪስ ከተረፈ፣ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይን የመሰለ ባለ 75 ዋት ካርድ ተጨማሪ የኃይል ገመድ ሳይፈልግ ከማዘርቦርዱ ቀዳዳ በሚያገኘው ብቻ ይሠራል፤ ቪዲዮ ለማመቅ የተሠራ የራሱ ክፍልም አለው። ቀጭን ቤት ላለው ማሽን አጭሩን ካርድ መምረጥ እንዳይረሳ፤ ብዙ ሰው ከገዛ በኋላ ነው ክዳኑ አልዘጋ የሚለው።

ኦቨርክሎኪንግ ግን ነጻ ነው፣ አፕግሬድ ገንዘብ ይጠይቃል የሚለው ሙግት ለድሃ አገር የተበጀ ይመስላል። ሒሳቡ የሚሳሳተው ጉዳቱን ሳይቆጥር ሲቀር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ሲወሰን ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ የሚቃጠል ማዘርቦርድ የሚተካው ከዚያ ወዲህ ባለው ዋጋ ነው፤ ዕቃውም ፍኖተ ሰላም ካልተገኘ ከባሕር ዳር ወይም 380 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው። ከመጠን ያለፈ ቮልቴጅ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ብዙ ተጠቃሚዎች ጋ መዝጋትና መክሸፍ ሲያበዙ፣ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 የራሱ ማይክሮኮድ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ ይጠይቅ እንደነበር አመነ፤ ማስተካከያ አወጣ፤ ዋስትናውንም በ2 ዓመት አራዘመ። ይህ የደረሰው ማንም ሳይነካቸው ነው። ዩዝድ የገዛ ሰው ደግሞ የሚያራዝምለት የፋብሪካ ዋስትና የለውም።

የቀረው ተቃውሞ የስሜት ነው፤ ግን ቀላል አይደለም። ዝንባሌ ጥቅም አይጠየቅበትም፣ ደስታው አደጋው ውስጥ ነው ይባላል። ደስታው ከችሎታ የሚመጣ ከሆነ ግን ቮልቴጅ መቀነስ፣ ማለትም አንደርቮልቲንግ፣ ያንኑ ችሎታ አንድም ሳይቀር ይጠይቃል። ቮልቴጁን በ10 ሚሊቮልት በ10 ሚሊቮልት ማውረድ፣ በየእርምጃው ፕራይም95ን የመሰለ ፈታኝ ፕሮግራም ማስሮጥ፣ ሙቀቱን መመዝገብ፣ ማሽኑ ከቆመ አንድ ወይም ሁለት እርምጃ መመለስ ያስፈልጋል። ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት ቺፖች እኩል ስለማይወርዱ የዕድሉም ጨዋታ አለበት። ልዩነቱ ውድቀቱ ላይ ነው፦ ከልክ ያለፈ አንደርቮልት ማሽኑን ያቆመዋል እንጂ አያቃጥለውም፤ ሴቭ ያልተደረገ ሥራ ግን ሊጠፋ ይችላል። አንደርቮልቲንግ በግራፊክስ ካርድ ላይ በአፍተርበርነር ፕሮግራም በቀላሉ ይሠራል። በኢንቴል ላፕቶፖች ላይ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 ፕላንደርቮልት የተባለው የደኅንነት ቀዳዳ ይፋ ከሆነ ወዲህ ብዙ ባዮሶች በሩን ዘግተውታል። እርሱም ቢዘጋ በዊንዶውስ የኃይል ቅንብር ውስጥ የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ መጠን 99 በመቶ ላይ ማድረግ ይቀራል፤ ይህ ተርቦውን ያጠፋል፣ ማሽኑ ከፍጥነቱ ጥቂት አጥቶ ሙቀቱ በግልጽ ይወርዳል። የተቆለፈ የመሥሪያ ቤት ማሽን ላይ እንኳ ይሠራል።

ሥራው ከኢንተርኔት ጋር የተሳሰረ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር፤ ድራይቨር፣ የባዮስ ማሻሻያና መፈተኛ ፕሮግራም በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ካልዞረ በቀር በቀላሉ የሚገኝበት መንገድ አልነበረም። ስለዚህ የዚህ ዝንባሌ ባለቤት ከመፍቻና ከቴርማል ፔስት ጋር የፕሮግራሞች ማኅደር የያዘ ዲስክ ማስቀመጥ አለበት። ከሰው የመጣ ፍላሽም ሆነ በርካሽ የተገዛ ኤስኤስዲ ከመጠቀም በፊት መጠኑ እውነተኛ መሆኑ መፈተን አለበት፤ ላዩ ላይ የተጻፈውን ያህል የማይዝ ሐሰተኛ ዕቃ ገበያ ውስጥ አለና። ባዮሱ ቀኑን የሚረሳ አሮጌ ማሽን ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ሲአር2032 የምትባለዋ የሳንቲም ባትሪ ናት፤ ከአፕግሬዶች ሁሉ ርካሿ እርሷ ናት።

አፕግሬድም ወሰን አለው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል በኩል በይፋ የሚቀበለው በአብዛኛው ከ8ኛ ትውልድ ወዲህ ያለውን ፕሮሰሰርና ቲፒኤም 2.0 የተባለው የደኅንነት ክፍል ያለውን ማሽን ነው። አይ5-3470 የ3ኛ ትውልድ ነው፤ ኤስኤስዲም ሆነ ራም ይህን አይለውጡም። ሊኑክስ የተጫነበት እንደሆነ ለጽሑፍ፣ ለትምህርትና ለኢንተርኔት ገና ዓመታት ያገለግላል፤ የቆየ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የግድ የሚፈልግ ኮፒ ቤት ደግሞ አሮጌውን ዊንዶውስ ከኢንተርኔት ነጥሎ ሊይዝ ይችላል። በመጨረሻ ሲጣልም ከቆሻሻ ጋር የሚቀላቀል ዕቃ አይደለም፤ የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አወጋገድን የሚመለከተው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 425 ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ዩዝድ ለመግዛት ገበያ የሚወጣ አንባቢ ሻጩን ከጊጋኸርዙ በፊት ትውልዱን ይጠይቀው፤ ኮር አይ5 የሚለው ስም ብቻውን እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህ የወጡ ከ10 በላይ ትውልዶች የሚጋሩት ስም ነው።